ገና አልበላሁም

ሰው «በላህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚዋሸው ለምንድን ነው?

ፍስሃ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለም። አገር ሙሉ እንደሚዋሽ ያውቃል። አንጀቱ የታጠፈ እንግዳ በር ላይ ቆሞ «በልቼ ነው የመጣሁት፣ በእውነት!» ይላል። የቤቱ እመቤትም ውሸቱን እያወቀች «በሞቴ!» ብላ ትጎትተዋለች። ሁለቴ እምቢ ይልና በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። ያ ውሸት ጨዋነት ነው፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። የፍስሃ ውሸት ግን የተገለበጠ ነበር። እሱ ጠግቦ ሳለ ነው «ገና አልበላሁም» ያለው። ያውም በጃፓንኛ።

ፍስሃ የወጣትነቱን ዕድሜ ጃፓን ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። የውሃ ምህንድስና ተምሮ፣ እዚያው ትንሽ ሠርቶ፣ አንድ ክረምት ሻንጣውን እየጎተተ አዲስ አበባ ገባ። «ለምን ተመለስክ?» ለሚሉት ዘመዶቹ አንድ መልስ፣ ለጓደኞቹ ሌላ መልስ ነበረው። ለራሱ የሚሆን ግን አላገኘም። የቢሮ ሥራ ጀመረና ተወው። ሌላ ጀመረ፣ እሱንም ተወው። በመጨረሻ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከአንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ክፍል ተከራየ። አንድ ነጭ ሰሌዳ ሰቀለ፤ የላስቲክ ወንበሮች ደረደረ። ጃፓን ሄደው መሥራት ለሚፈልጉ ቋንቋውን ማስተማር ጀመረ። እሱ ጥሎት የመጣውን አገር ሌሎች እንዲደርሱበት መንገድ ማሳየት አንዳንዴ ያስቀው ነበር። አንዳንዴ ደግሞ አያስቀውም።

ለጀማሪዎች ሁሌም የሚያስተምረው የመጀመሪያ ግስ አንድ ነው።

«ታቤሩ» አለ ያን ዕለትም ሰሌዳውን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገ። «መብላት ማለት ነው። ከሰላምታ ቀጥሎ የምትፈልጉት ቃል እሱ ነው።»

«ሴንሴ፣ እኛ ሰፈርማ ከሰላምታ በፊት ነው» አለ ሃፍቶም። ሃፍቶም ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። መምህር በጃፓንኛ «ሴንሴ» እንደሚባል ከሰማ ጀምሮ ፍስሃን በስሙ ጠርቶት አያውቅም።

ክፍሉ ሲስቅ በሩ ተከፈተ። አንዲት ወጣት እያለከለከች ገባች። ከእሷ ጋር የቫኒላና የትኩስ ኬክ ሽታ ገባ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኬክ ቤት ነው የምሠራው፤ ተረኛዋ ዘገየችብኝ።»

«ግቢ። ‹አንተ› በይኝ፤ ገና አላረጀሁም። ስምሽ ማነው?»

«ወይንሸት።»

«ዛሬ ምን በላሽ፣ ወይንሸት?»

ግራ ገብቷት ሰሌዳውን አየች፤ ከዚያ እሱን። «ጠዋት ዳቦ በሻይ። ችግር አለው?»

ሃፍቶም ከወንበሩ ሊወድቅ ሆነ። ወይንሸትም ትምህርቱ መሆኑን ስታውቅ አፏን በመዳፏ ከድና ሳቀች። ፍስሃ ያን ሳቅ ሰሌዳውን እያጠፋም ሲሰማው ቆየ።

በትምህርቱ መጨረሻ እጇን አወጣች። «‹እንብላ› ሲባልስ?»

«ታቤማሾ።»

«ታዲያ እዚያ አገር ሰው እየበላ ሌላ ሰው ሲገባበት ‹ታቤማሾ› ይላል?»

«አይልም።»

«እና ምን ይላል?»

ፍስሃ አሰበ። «ምንም። ይበላል።»

ሁሉም ሳቁ። ወይንሸት አልሳቀችም። አንድ ሰው በሕይወት አለ ብላ ስታስብ መሞቱን የሰማች ይመስል አየችው።

ያ አስተያየት ፍስሃን ቤቱ ድረስ ተከተለው። እዚያ አገር ስንት ጊዜ ብቻውን እንደበላ ማን ይቆጥረዋል? ከሱቅ የተገዛ ቀዝቃዛ ሩዝ ኮምፒውተር ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ። እናቱ ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «በላህ?» ነበር። ሆዱ ባዶ ሆኖ «በላሁ እማ፣ ጠግቤያለሁ» ይላት ነበር። እሷም «ተመስገን» ብላ ስለሌላው ነገር ትጠይቀዋለች። ስትሞት ፈተና ላይ ነበር፤ አልመጣም። ከዚያ ወዲያ በስልክ «በላህ?» ያለው ሰው የለም።

ወራት አለፉ። ወይንሸት ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፤ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች። ትምህርቱ ሲያበቃ አብረው ዳገቱን ይወጣሉ። አንድ ቀን ወደ ደጃች ውቤ ሰፈር ይዛው ሄደች። ቤቶቹ ፈርሰው ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ቆመች። አዲስ የተነጠፈው ድንጋይ ንጹሕ ነበር።

«እዚህ ጋ ጓዳችን ነበር» አለች በጫማዋ አንዱን ድንጋይ እየነካች። «እዚያ ደግሞ አባዬ የተኛበት አልጋ። ታሞ ብዙ ቆየ። ያጠብኩት፣ ያጎረስኩት፣ ያገላበጥኩት እኔ ነኝ። ጃፓን ሽማግሌ የሚንከባከብ ሰው ይፈልጋሉ ሲባል፣ ይኼንንማ እችላለሁ አልኩ።»

«እናትሽስ?»

«ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሶናል። ቤቱ ጥሩ ነው። ግን እማዬ ጎረቤት አጣች። አራተኛ ፎቅ ላይ ‹እንብላ› ብትል ማን ይሰማታል?» ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠችና «አንተ ግን ለምንድን ነው የተመለስከው?» አለችው።

«አላውቅም።»

«ይኼ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ነው» አለች። «ሰው ሁሉ ‹አገሬን ወድጄ› ነው የሚለኝ።»

እጇን ሊይዝ ፈለገ። አንዲት ሴት ከነልጇ በመካከላቸው አለፈች፤ ከዚያ በኋላ መያዙ አልሆነለትም።

የሁዳዴ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ ፍስሃ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፈ። አንዱ «ታቤማሽታ ካ?» ነው፤ በልተሃል ወይ ማለት ነው። ሁለተኛው «ማዳ ዴስ» ነው፤ ገና ነኝ። ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲለማመዱ አዘዘ። ቁጥራቸው ጎዶሎ ነበርና ወይንሸት ብቻዋን ቀረች።

«ነይ፣ ከእኔ ጋር።»

«ታቤማሽታ ካ?» አለችው ቀጥ ብላ እያየችው።

«ማዳ ዴስ» አለ ሰሌዳው ላይ ያለውን።

ያን ዕለት ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ኮፒ ቤቶቹ አጠገብ ባለች ካፌ እንቁላል ሳንዱች በልቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ነበር። ጾም ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ሲተወውም ሆን ብሎ ወስኖ አልነበረም። እዚያ አገር ከሚጾሙት ሰዎች ተለይቶ ሲኖር ከእጁ ሾልኮ ወደቀ።

የወይንሸት ፊት ግን በራ። «እውነት? አንተም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትይዛለህ?»

«ምሳሌ ነው» ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ነው። አፉን ከፈተ።

«እኔ ደግሞ ጃፓን የኖረ ሰው ጾሙን ትቶታል ብዬ…» አለችና አፈረች። «ይቅር በለኝ፣ በልቤ አምቼሃለሁ። ኬክ ቤት ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ ክሬም እያየሁ፣ ከእኔ በቀር በዚህ ከተማ የሚጾም የለም ስል ነው የምውለው።»

ፍስሃ አፉን ዘጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሌሎቹ ወጡ። ወይንሸት ከቦርሳዋ ባለ ሦስት ድርብ የብረት ምሳ ዕቃ አወጣች። ሽሮ፣ ጎመን፣ እንጀራ። «በል ና። እኔ ብቻዬን መብላት አልችልበትም። እማዬን ብትጠይቃት ትነግርሃለች።» የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችለት። ጣቶቿ ከንፈሩን ሲነኩት፣ ከእናቱ ወዲህ ማንም አጉርሶት እንደማያውቅ ትዝ አለው።

በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። በሳልስቱም። «ታቤማሽታ ካ?» ትለዋለች ስትገባ፤ «ማዳ ዴስ» ይላታል። ለእሱ በባዕድ ቋንቋ የተባለ ነገር ግማሽ ውሸት ብቻ መሰለው። ዓረፍተ ነገሩ የልምምድ ነው፣ አንድ ቀን ይነግራትና አብረው ይስቁበታል። እሷ ግን ኬክ ቤት ውስጥ ራሷን ሲያዞራት እንኳ ውሃ ሳትቀምስ ትጠብቀዋለች። «ሴንሴም አልበላም» ትላለች።

እንዲህ ከሆነ የእውነት ለምን አይጾምም? ሞክሮት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ። እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። የተፈታተነው ረሃብ አልነበረም፤ እልህ ነበር። ለእናቴ አርባ እንኳ ያልደረስኩ ሰው፣ አለ በልቡ፣ ዛሬ ለአንዲት ልጅ ዓይን ብዬ ልራብ? ይህን ሲያስብ እግሩ ስድስት ኪሎ አደረሰው።

በደብረ ዘይት እሑድ ወይንሸት ቤቷ ወሰደችው። እናቷ ወይዘሮ የሺዓለም አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ወጥተው ጠበቁት። ዕድሜያቸውን አራዳ የጨረሱ፣ ምላሳቸው ያልደከመ ሴት ናቸው።

«ሴንሴ ማለት አንተ ነህ? እኔ ሸበቶ መስለኸኝ ከዘራ ልይዝልህ ነበር! ግባ ልጄ፣ ግባ።»

«ተመስገን እማማ፣ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«በሞቴ! ደግሞ ከልጄ ጋር እየጾምክ የት በላህ? ውሸታም! ቁጭ በል!»

ወይንሸት ሳቀች። ፍስሃም ሳቀ፤ ግን ጆሮው ጋለ። ሴትዮዋ ምስሩን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሱት። ሁለተኛውን ሲያጎርሱት «አንዱ ያጣላል» አሉት። ከዚያ ወይንሸት ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንተ አገሩን ታውቀዋለህ። ይቺ ልጅ ከተወለደች ብቻዋን በልታ አታውቅም። እዚያ ከማን ጋር ትበላለች?»

ፍስሃ የቀዝቃዛውን ሩዝ ሳጥን አሰበ። «ሰው ይለምዳል፣ እማማ።»

«መልመድማ ምን የማይለመድ አለ» አሉ። ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስኮቱ ላይ ሰማይ እንጂ ጎረቤት አይታይም።

ከዚያ በቀጠለው ሐሙስ ወይንሸት ሥላሴ ግቢ ቀጠረችው። ዛፎቹ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች።

«የጃፓኑን ሥራ ቃለ መጠይቅ አለፍኩ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ደስ ብሎሃል?»

ፍስሃ መሬት መሬት አየ።

«እስከ ኒቆዲሞስ ዓርብ ፈርሚ ብለውኛል» አለች። «አምስት ዓመት ነው ውሉ። አልነገርኩህም እንጂ፣ እኔ ይህን ጾም የያዝኩት በዚህ ነገር ነው። እግዜርን ‹ሂጂ ወይም ቅሪ በለኝ› ብዬ። አንተም አብረኸኝ እየጾምክ መሆኑን ሳውቅ፣ ለብቻዬ እንዳልሆንኩ ገባኝ።»

«ወይንሸት፣ እኔ እኮ…»

«ቆይ፣ አሁን አትመልስልኝ።» ጫፍ ላይ ከነበረችበት ትንሽ ቀረብ አለች። «አንተ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። ኬክ ቤት እየሠራሁም ቢሆን እኖራለሁ። ግን እንዲሁ ከአፍህ አይውጣ። አስበህበት፣ ጾመህበት በለኝ። አንተ አላውቅም ስትል እንኳ የማምንህ ሰው ነህ።»

የቅዳሴው ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ፍስሃ «ቅሪ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነገር ግን ቃሉ በውሸቱ ላይ ሊቆም አልቻለም። ቅሪ ከማለቱ በፊት «አልጾምኩም» ማለት አለበት። ደግሞም እሱ ራሱ ይቀራል? ዛሬ ሌላ አገር ሥራ ቢያገኝ ሻንጣውን አያነሳም? እግሩ ያልተተከለ ሰው ሌላውን «ቅሪ» የማለት መብት ከየት ያመጣል?

ነገ እነግራታለሁ አለ። ነገውም ነገ ሆነ።

የገብርኄር ማክሰኞ ጠዋት ፍስሃ ስድስት ኪሎ ካፌው መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ እንቁላል ሳንዱችና ማኪያቶ። የዛሬው የመጨረሻው ነው ብሎ ወስኗል። ሳንዱቹን እየገመጠ የሚላትን ይለማመድ ነበር። «ወይንሸት፣ መጀመሪያ ይቅር በይኝ። ሁለተኛ፣ ቅሪልኝ።» ጥሩ መሰለው። አፉን በሶፍት ጠርጎ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉ ሲሞላ ወይንሸት ገባች። የልምምድ ወረቀቶቹን ኮፒ ልታስደርግ ወስዳ ነበር፤ ክምሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እንደ ልማዷ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ታቤማሽታ ካ?»

ሃፍቶምና ሌሎቹ እያዩ ነበር። የተለማመደው ንግግር በሰው ፊት የሚነገር አይደለም። ሲወጡ እነግራታለሁ አለ በልቡ።

«ማዳ ዴስ።»

አልተቀመጠችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሴንሴ» ሳትል፣ በአማርኛ ጠየቀችው። «ፍስሃ፣ በልተሃል?»

«አልበላሁም አልኩሽ እኮ» አለና ፈገግ አለ።

ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። ያን ዕለት እጇን አንድ ጊዜም አላወጣችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ምሳ ዕቃውን ከፈተች። ሽሮውንም ጎመኑንም በሙሉ ወደ እሱ ገፋችው።

«አንቺስ?»

«ዛሬ እስከ ማታ ልያዝ ብዬ ነው። አንተ ብላ። እርቦሃል።»

በላ። ምን ማድረግ ይችላል? ንግግሩ ጉሮሮው ውስጥ ከእንጀራው ጋር ወረደ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ በልቶ እስኪጨርስ አየችው። አላጎረሰችውም። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ያውቀው ነበር። እናት ትኩሳቱ አልወርድ ያለ ልጇን የምታይበት ዓይነት አስተያየት ነበር።

ተነስታ በር ላይ ስትደርስ «ምሳ ዕቃሽን!» አላት።

«ነገ እወስደዋለሁ።»

በነጋታው አልመጣችም። ስልክ ሲደውልላት «ሥራ በዛብኝ» አለችው። የሚቀጥለው ሳምንት ገባ። የኒቆዲሞስ ዓርብ ፍስሃ በፒያሳ ዳገት እየሮጠ ወጥቶ ኬክ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወይንሸት ከባንኮኒው ኋላ አየችው። ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በግራና ቀኝ እየገፋቸው ቆሙ።

«ፈረምኩ» አለችው ገና ሳይጠይቃት።

«መቼ?»

«ያን ረቡዕ ጠዋት።»

«ሳልመልስልሽ?»

«መለስክልኝ እኮ» አለች።

አልገባውም። ወይም እንዳልገባው ሆነ። «ቅሪ ልልሽ ነው የመጣሁት። ወይንሸት፣ ቅሪልኝ። ውሉን ሰው ያፈርሰዋል። ቅሪ።»

ዓይኗ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ያን ብልጭታ ፍስሃ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። በሰዉ ጫጫታ ድምፅዋ አልተሰማም፣ ከንፈሯን ነው ያነበበው።

«ጾመህበት ነው?»

አሁን ነበር ጊዜው። ሌላ ጊዜ እንደማይመጣ ገላው ሁሉ ያውቅ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ቢናገር «ቅሪ» ያለውን እንዳታጥፍበት ፈራ።

ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለቱ ነበር።

ብልጭታው ጠፋ። ወይንሸት እጇን ዘርግታ የታጠፈውን የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሴንሴ» አለች። «ስላስተማርከኝ።» ወደ ክሬሙና ወደ ቫኒላው ተመልሳ ገባች።

በሰኔ ሄደች። አየር ማረፊያ ልሸኝሽ ሲላት እናቷ ብቻ እንደሚሸኟት ነገረችው።

ሃፍቶም አንድ ከሰዓት ስልክ ሊያስተካክልለት ክፍሉ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ምሳ ዕቃውን አየ። ለወትሮው የሚቀልደው ሰው ዕቃውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«አሁንም እዚህ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ትታው ሄደች።»

«ሴንሴ፣ አንተን አራዳ ትመስለኝ ነበር። ለካ ፋራ ነህ።» ስልኩን አስቀመጠ። «እኔና እሷ ደጃች ውቤ ጎረቤት ሆነን ነው ያደግነው። አልናገርም ብዬ ምዬ ነበር፤ ግን ይኼን ዕቃ እንደ ጽላት አክብረህ አስቀምጠህ ሳይህ አልቻልኩም። አይታሃለች። ያን ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ኮፒ ልታስደርግ ስድስት ኪሎ ሄዳ በመስታወት አየችህ። እንቁላል ስትገምጥ።»

ፍስሃ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እንቁላሉ አይደለም ያናደዳት» አለ ሃፍቶም። «‹ይብላ፣ ምናልባት ጨጓራ ይኖርበታል› ነው ያለችኝ። ‹እኔም አንድ ቀን ሳላስበው ክሬም ከጣቴ ልሻለሁ። ከሰዓት ስጠይቀው በልቻለሁ ቢለኝ ክሬሙን ነግሬው አብረን እንስቅ ነበር› አለች። ሁለት ጊዜ ጠየቀችህ አይደል?»

«ሦስት» አለ ፍስሃ። «ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች።»

«እንግዲህ።» ሃፍቶም መሬት መሬት እያየ ጨረሰው። «‹ከዚህ ሰው ጋር ብኖር፣ መቼ እንደራበው፣ መቼ እንደጠገበ ሳላውቅ ነው የማረጀው› አለች። ከዚያ አለቀሰች። በማግስቱ ሄዳ ፈረመች።»

ዓመቱ ዞሮ ሁዳዴ ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ አዲስ ተማሪዎች ተሰብስበው ነበር። ፍስሃ ሰሌዳው ላይ «ታቤሩ» ብሎ ጻፈና ትንሽ ቆሞ አየው። ያን ቀን ጠዋት ስድስት ኪሎ አልሄደም። ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ለእናቱ፣ ለወይንሸት፣ ወይስ ለእልሁ አያውቅም። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጠይቀው ግን ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተለማመዱ። በልተሃል ወይ? ገና ነኝ። በልተሻል ወይ? ገና ነኝ። ከእሱ ጋር የተለማመደ አልነበረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ባዶ ሆነ። ከመደርደሪያው ምሳ ዕቃውን አወረደ። ጠዋት ራሱ የሠራው ሽሮ ነበረበት፤ አሯል። ከፊት ለፊቱ ያለውን የላስቲክ ወንበር ቀና አድርጎ አስቀመጠው። ስልኩን አወጣ። እዚያ አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከሽማግሌዎቹ ቤት ወደ ክፍሏ ተመልሳ ይሆናል፤ ቀዝቃዛውን ሩዝ ከፍታ ይሆናል።

ረጅም ነገር ጻፈና አጠፋው። ስለ ፍቅር ጻፈ፣ አጠፋው። ይቅርታ የሚል ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው። በመጨረሻ የቀረው ይህ ብቻ ነበር፤

«ያን ቀን በልቼ ነበር። ዛሬ ገና አልበላሁም። አንቺስ በላሽ?»

ላከው። ጥቂት ቆይቶ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለት ሰማያዊ ምልክቶች ታዩ። ፍስሃ ስልኩን ከሽሮው አጠገብ አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሳይጎርስ ጠበቀ። ከታች የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ በር ሲዘጋ ሰማ። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፋሲካ አልፎ ሌላ ፋሲካ መጥቷል። ወይንሸት አልመለሰችም።